የዳህላክ ጠላቂዎች

ስለ ጨው ባሕር የደገኛው ዕውቀት ከጥንት ጀምሮ የገባው በሁለት በር ብቻ ነው፤ አንደኛው የገበያ በር፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን በር። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ ከገፈርሳ በኩል ወርዶ ባሕር ዛፉን በሚውጥበት ሰፈር፣ በገበያው በር የሚገባው ዛጎል ነው፤ ጀርባው ተፍቆ ከጠፈጠፈ በኋላ፣ ዳርና ዳሩ እንደ ጥርስ የተከረከረው አፉ ወደ ውጭ እንዲታይ ሆኖ በአንቀልባው ቆዳ ላይ በጠንካራ ክር ረድፍ ረድፉን ይሰፋል፤ በዛጎል ጣይዋም ፊት በሰፌድ ላይ ተበትኖ የሰው ዕድል ይነበብበታል። በቤተ ክርስቲያኑ በር የሚገባው ደግሞ ዕንቍ ነው፤ ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው እግዚአብሔር በአዳም አብራክ ያኖረው፣ ከአበው ወደ አበው እየተላለፈ እስከ እመቤታችን ድረስ የደረሰው ብሩህ ዕንቍ፤ በወንጌሉም ምሳሌ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው ዕንቍ። የቀራንዮ መድኃኔዓለም ባለቅኔ እመቤታችንን በዕንቈ ባሕርይ መስሎ ሲቀኝ፣ በቅጽሩም ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በዛጎል ባጌጠ አንቀልባ አዝላ ስታስቀድስ፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል የወጣ ነገር ይዘዋል፤ ያወጣው ሰው ግን ማን እንደ ሆነ፣ በምን ዓይነትስ ድካም እንዳወጣው የጠየቀ እምብዛም አልተገኘም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ሰው ነው። ምጽዋ የመንግሥታችን ወደብ በነበረችበት ዘመን የባሕር ዳር ሽርሽር፣ የጀልባ ጉዞና በመስተዋት ጭንብል ወደ ጥልቁ ወርዶ ዓሣና ድንጋይ አበባውን መመልከት የአዲስ ሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ይወራ ነበር፤ ወሬውንም ያመጡት አውሮጳውያን በመሆናቸው፣ ወደዚያ ባሕር ወለል የመጀመሪያዎቹ ወራጆች እነርሱ እስኪመስሉ ድረስ ስማቸው በመጽሐፍና በፊልም ገነነ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደስታ ፈላጊው የወረደበት ሥፍራ እንጀራ ፈላጊው ከብዙ ምዕት ዓመታት ጀምሮ ሲወርድበት የኖረ ሥፍራ ነው፤ የሚያስደንቀውም ነገር፣ ደስታ ፈላጊው የደረሰው የእንጀራ ፈላጊው ሙያ ሊጠፋ ጥቂት በቀረው ጊዜ መሆኑ ነው።

ምጽዋ ባጽዕና ጥዋለት በተባሉ ሁለት ደሴቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ደሴቶቹን እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር ያያያዛቸውን የድንጋይ ድልድል ያሠራው፣ የግብፁን ከዲቭ ያገለግል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ዓመታት ነው። ከከተማይቱ በስተጀርባ የሰምሃር በረሃ ተዘርግቷል፤ ዝናቡ በዓመት ከ200 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ያውም በደጋው በጋ በሚሆንበት ወራት የሚጥል፣ የዓመቱም አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ አገር ነው። ከፊት ለፊቷ፣ ወደ ምሥራቅ፣ የዳህላክ ደሴቶች ተበትነዋል፤ ቁጥራቸው ከ100 ይበልጣል፤ ሰው ሁልጊዜ የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። እነዚህ ደሴቶች ተራራ አይደሉም፤ ጥንት ከባሕር ሥር የነበረው የመርጃን ድንጋይ ቀና ብሎ ከውኃ በላይ የቀረ ሜዳ ነው እንጂ። ወንዝ የላቸውም፤ ዛፋቸውም ጥቂት ግራርና ቁጥቋጦ ነው። ምድሩ እንዲህ የተራቈተ ሲሆን ውኃው ግን የሕይወት መዝገብ ነው፤ በደሴቶቹ መካከል ያለው ባሕር ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ሙቀቱም የተመቸ በመሆኑ፣ ዕንቍ የምትወልደው ቀፎ በዚያ ትበዛለች። ነዋሪዎቹ እስላሞች ናቸው፤ የሚናገሩትም ዳሃሊክ የተባለ ከትግረ ጋር የሚቀራረብ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ደገኛው ምንም ባያውቃቸው፣ በልሳን ረገድ የግዕዝ ዘመዶች ናቸው።

ስለዚህ ሥፍራ ከጻፉት ሁሉ ቀዳሚው፣ በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የባሕረ ኤርትራን የጉዞ መምሪያ በጽርዕ ቋንቋ ያዘጋጀው ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ ነው። እርሱ ወደ አዶሊስ ወደብ ስለሚገባውና ስለሚወጣው ዕቃ ሲዘረዝር፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ባሉት፣ አላላዩ ብሎ በሚጠራቸው ደሴቶች የሚኖሩ ዓሣ በሎች የኤሊ ልብስ ወደ አዶሊስ እያመጡ እንደሚሸጡ ይናገራል። የኤሊ ልብስ በሮም ባላባቶች ቤት ለአልጋና ለሣጥን ጌጥ የሚሆን፣ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ነበር። እንግዲህ አክሱም ገና ኀያልነቷን በምትጀምርበት ዘመን፣ በሮም ባላባት ቤት የሚያብለጨልጨው ጌጥ ከዳህላክ ሰው እጅ የወጣ ነበር ማለት ነው፤ ጸሐፊው ግን «ዓሣ በሎች» ብሎ ከማለፍ በቀር ስለ ሰዎቹ አንዲት ቃል አልጨመረም። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ጸሐፍት በዚህ ነገር እርሱን ሲመስሉ ኖረዋል።

በ8ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ላይ፣ ከአክሱም ወገን የተነሡ መርከበኞች ጅዳን ስለ ዘረፉ፣ የኡመያ ከሊፋዎች ደሴቶቹን ያዙ፤ ያዙና ምን አደረጉበት ቢባል፣ የተቈጡትን ሰው መስደጃ አደረጉት። የመዲናው ባለቅኔ አል-አህዋስ ወደዚህ ከተጋዙት አንዱ ነው። ዳህላክን የግዞት ቦታ ማድረግ ከዚያ ጀምሮ ለገዢዎች የማይሰለች ልማድ ሆነ፤ ጣልያኖችም ኋላ በኖኵራ ደሴት ላይ እስር ቤት ሠርተው፣ በሙቀቱና በጥማቱ ብዙ ሰው የጨረሱበትን ግፍ ፈጽመዋል። በመካከለኛው ዘመን ግን ዳህላክ ራሷን የቻለች ሱልጣኔት ሆና፣ በግብፅና በየመን፣ በሕንድና በሐበሻ መካከል የሚመላለሰውን ንግድ ትቀርጥ ነበር፤ ከ10ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የተቀረጹት፣ በኩፊ ጽሕፈት ያጌጡት የመቃብር ድንጋዮች ዛሬም በዳህላክ ከቢር ቆመው ይታያሉ። ከነርሱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቁኝ ግን የውኃ ጕድጓዶቹ ናቸው። ምንጭ በሌለበት ደሴት፣ የመርጃኑን ድንጋይ ወደ ታች እየፈለፈሉ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚጥለውን ዝናብ ጠብታው እንዳይባክን የሚያከማቹበትን ጕድጓድ በመቶዎች የሚቈጠር አድርገው አበጅተውታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ወደ ጎንደር ሲመጣ በዳህላክ በኩል አልፎ ነበርና፣ ጕድጓዶቹ ከ300 እንደሚበልጡ፣ ግን ጥገና አጥተው ከብትና ፍየል እንደሚረግጣቸው በመጽሐፉ አስፍሯል። ከድንጋይ በላይ ውኃ ለማግኘት እንዲህ የደከመ ሕዝብ፣ ከውኃ በታች ደግሞ ዕንቍ ለማግኘት ቢደክም አያስገርምም።

የጠላቂውን ሥራ አሁን ቀረብ ብለን እንመልከት። ነፋሱ ጋብ በሚልበት፣ ውኃውም በሚጠራበት ወራት፣ ሳምቡክ የተባለው ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሁሪ የሚባሉትን ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎች በላዩ ጭኖ፣ ማሽላና ተምር፣ በበርሜል ውኃ ይዞ ከምጽዋ ወይም ከደሴቶቹ ይነሣል። የሳምቡኩ አለቃ ናኩዳ ይባላል። መርከቧ ከመርጃኑ ድንጋይ አጠገብ መልሕቅ ከጣለች በኋላ ሁሪዎቹ ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ በአንዲቱ ሁሪ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ቀስ ብሎ ይቀዝፋል፤ ሌላው ከሁሪዋ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ፣ ታቹ ወጥቶ በመስተዋት የተተካ የላምባ ጣሳ ውኃው ላይ ጣል ያደርግና ፊቱን ከጣሳው ውስጥ ይከታል። የባሕሩ ፊት በነፋስ እየተሸበሸበ የሚከለክለው ትርኢት በዚያች መስተዋት በኩል ጸጥ ብሎ ይገለጥለታል፤ ከድንጋዩ ቀለም የማይለየውን፣ አፉን በጥቂቱ ከፈት ያደረገውን ቀፎ የሚለየው ዓይን የብዙ ዓመት ትምህርት የወጣበት ዓይን ነው። ባየው ጊዜ ጣሳውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ትንፋሹን ስቦ፣ በራሱ ወደ ታች ይወረወራል፤ አሥርና ከዚያም የሚበልጥ ሜትር ይጠልቃል፤ ቀፎውን ከድንጋዩ ይመነግልና አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይወጣል። በፋርስ ባሕር ያሉት ጠላቂዎች እግራቸውን በድንጋይ አክብደው፣ ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ ገመዱንም ከላይ ሰው ይዞላቸው ሲወርዱ፣ የዳህላኩ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ገመድ፣ ባየው ነገር ላይ እንደ ጭልፊት የሚወርድ ነበር።

የሚያወጣው ቀፎ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ፣ ዐረቦች ሰደፍ የሚሉት፣ ዕንቍ ቢገኝበትም ባይገኝበትም የውስጥ ልባሱ ራሱ ዋጋ ነበረው፤ እየተጫነ ወደ አውሮጳ ይሄድና የሸሚዝ ቁልፍ ይሆናል፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት በቪየና ወይም በፓሪስ መንገድ የሚሄድ መኰንን ደረቱን ሲቈልፍ፣ ጣቱ የነካው ከቀይ ባሕር የወጣ ቁራጭ ሊሆን ይችል ነበር። ትንሹ ቀፎ ቢልቢል ይባላል፤ እርሱ በብዛት ተለቅሞ፣ በናኩዳው ዓይን ፊት በቢላዋ እየተከፈተ፣ ከሥጋው መካከል ዕንቍ ይፈለግበታል። ብዙ መቶ ቀፎ ተከፍቶ ምንም ላይገኝ ይችላል፤ ሲገኝም አብዛኛው እንደ ስናፍጭ ፍሬ ያለ ደቃቅ ነው። የተበላሸው ሥጋ በጀልባዋ ላይ በፀሐይ ሲሸት፣ ጠላቂው በዚያ ሽታ መካከል በልቶ፣ በዚያው ይተኛል። ጆሮው ከውኃው ክብደት የተነሣ ይደማል፤ ዓይኑ በጨው ይቀላል፤ ኋላም ይደክማል፤ መርጃኑ የቧጠጠው ቍስል በጨው ውኃ ስለማይደርቅ ወር ሙሉ ይመረቅዛል። ሻርክ የወሰደው እንዳለ ቢነገርም፣ ከሻርክ ይልቅ ብዙውን ሰው የጨረሰው ዕዳው ነው እላለሁ።

ዕዳው እንዲህ ነበር። በምጽዋ የተቀመጡት የሕንድ ነጋዴዎች፣ ባንያን የሚባሉት፣ ለናኩዳው ለስንቅና ለሸራ ገንዘብ ያበድራሉ፤ ናኩዳው ለጠላቂዎቹ ቤተሰብ እህል ያበድራል፤ ዕንቍው ሲገኝም ናኩዳው ብድሩ ለሚከፈለው ባንያን ያስረክባል፤ ዋጋውን የሚቈርጠው ገዢው ራሱ ነው፤ ከተቈረጠውም ላይ ስንቁ፣ ብድሩ፣ የጀልባዋ ድርሻ ከተነሣ በኋላ የቀረው ለጠላቂዎቹ ይከፋፈላል። የሚቀር ከሌለ ዕዳው ወደሚመጣው ዓመት ይሻገራል፤ አባት ቢሞት በልጁ ላይ የሚሻገርበትም ጊዜ ነበር። ይህ ሥርዓት ከኵዌት እስከ ዳህላክ፣ ዕንቍ በሚለቀምበት ባሕር ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። በዚህ ላይ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከሚጠልቁት መካከል ባሪያዎች እንደ ነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል፤ እነርሱም ባብዛኛው ከዚሁ ከደጋውና ከደጋው ምዕራብ ተፈንግለው በምጽዋ በኩል የተሸጡ መሆናቸውን ስናስብ፣ «ባሕር አያውቅም» የምንለው የአገር ቤት ሰው ሳይወድ በግድ ባሕሩን ከሁሉ ጠልቆ ያወቀው መሆኑን እንረዳለን። ይህንን የሚጠቅስ መጽሐፍ በአማርኛ አላየሁም።

ዕንቍው ከምጽዋ ወደ ቦምባይ፣ ከቦምባይ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ይሄድ ነበር። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬ፣ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በጂቡቲና በዳህላክ መካከል በጀልባ እየተመላለሰ፣ በዕንቍና በጦር መሣሪያ ሲነግድ ያየውን በ1931 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ጻፈና፣ የአውሮጳ አንባቢ ስለ ዳህላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሰማ። ግን መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ ሙያው ሊሞት ተቃርቦ ነበር፤ በጃፓን ሚኪሞቶ የተባለው ሰው ቀፎዋን በሰው እጅ እያስፀነሰ ዕንቍ የማስገኘትን ጥበብ ስላስፋፋ፣ በዚያው ላይ የ1929ኙ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ስለ ተጨመረበት፣ የተፈጥሮው ዕንቍ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኵቶ ወደቀ። ባንያኑ ሌላ ንግድ አገኘ፤ ናኩዳው ሳምቡኩን ለዓሣ አዋለ፤ ጠላቂው ግን ዓይኑና ጆሮው እንደ ተጐዳ፣ በእጁ ሌላ ጥበብ ሳይኖረው ቀረ።

በደጋው በኩል ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ምጽዋ መተላለፊያ ብቻ ነበረች። ከእስክንድርያ የሚመጣው ጳጳስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ተሳላሚ መነኵሴ፣ በሚያዝያ 1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬስ ሁሉ በዚያ አልፈዋል፤ ቱርክ በ1557 እ.ኤ.አ. ከያዛት ወዲህም ነገሥታቱ ስለ እርሷ ተዋግተዋል፤ ጣልያን በ1877 ዓ.ም. ከያዛት በኋላ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ያሳዩት ጀግንነት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ለባሕሩ ብሎ፣ ለውኃው ብሎ ወደ ምጽዋ የወረደ አንድም አልነበረም። ሙቀቱን ተሳቀው ደረሱ፤ ጕዳያቸውን ፈጽመው ወደ ቈላው ጫፍ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ለመውጣት ቸኰሉ።

አሁን ወደ ጠላቂዎቹ ታሪክ መካከለኛ ምዕራፍ እንምጣ፤ እርሱም የጦርነት ምዕራፍ ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ ምጽዋ ተያዘች። ጣልያኖች ግን ወደቧን ለጠላታቸው እንዳትጠቅም አድርገው ነበር የለቀቋት፤ የራሳቸውንና የጀርመንን መርከቦች በወደቦቹ አፍ ላይ በረድፍ አሰልፈው፣ ሆዳቸውን በፈንጂ ቀዳድደው አሰጠሟቸው፤ መርከብ የሚጠገንበትንም ትልቁን ተንሳፋፊ ዶክ ከ8 ክፍሎቹ 7ቱን በፈንጂ ነድለው ከባሕር ወለል አስቀመጡት። «ናዛሪዮ ሳውሮ» የተባለችው የንግድ መርከብ በዚያው ሰሞን በዳህላክ ደሴቶች መካከል ሰጠመች።

እንግሊዞች ዶኩን ለማንሣት አይቻልም ብለው ተስፋ ከቈረጡ በኋላ፣ በመጋቢት 1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ፣ በጣት የሚቈጠሩ ጠላቂዎችና ጥቂት መሣሪያ ይዞ ምጽዋ ደረሰ። ይህ ሰው ቀዳዳዎቹን በሙሉ እደፍናለሁ ብሎ አልደከመም፤ ያልተነደሉትን የላይኛውን ክፍሎች በጠላቂዎች አስጠርቆ ከዘጋ በኋላ፣ ከላይ የታመቀ አየር እየነፋ ውኃውን በገዛ ቀዳዳው በኩል ወደ ታች አስወጣውና፣ ዶኩ በ9 ቀን ውስጥ ተንሳፈፈ። የዚያ ሥራ ክብደት ያለው በጥበቡ ብቻ አይደለም፤ በምጽዋ ግንቦት ላይ የመርከብ ብረት እጅን ይልጣል፤ ውኃው ራሱ ለብ ያለ ስለ ሆነ የመዳብ ቈብ የለበሰው ጠላቂ ከውኃ በታች እንኳ አይቀዘቅዝም። ኤልስበርግ በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ሁሉ ጠላቂዎቹን በየስማቸው እየጠራ፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይሰለች ተርኳል። ከብረት ቈብና ከአየር ቧንቧ ጋር የወረዱት የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሲነበብ ልብን ይማርካል፤ በዚያው ባሕር፣ በዚያው ሙቀት፣ ያለ ቈብና ያለ ቧንቧ የወረዱት ግን እንዲህ የሚጽፍላቸው አዛዥ አልነበራቸውም።

በእነዚያው ዓመታት ውስጥ፣ ማለት በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንሳይ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን አየር በሲሊንደር ታምቆ በጀርባ ተሸክሞ የሚኬድበትን መሣሪያ አበጁ፤ ከላይ የሚነፋ ቧንቧ ቀረ፤ ሰው እንደ ዓሣ እንደ ልቡ ወደ ፈለገው የሚዞርበት ጊዜ መጣ። ቀይ ባሕርም፣ ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ፣ መርጃኑም ቀለመ ብዙ ስለ ሆነ፣ የዚህ መሣሪያ ባለቤቶች መሻሚያ ሆነ። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በፖርት ሱዳን ሲቀር፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራው የጣልያን ጓድ ግን በ1952 እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ1953 ወደ ዳህላክ መጣ። ወጣቱ ፎልኮ ኲሊቺ በዚያ የቀረጸው «ስድስተኛው ክፍለ ዓለም» የተባለው ባለ ቀለም ፊልም በ1954 እ.ኤ.አ. ታየና በጣልያን አገር ከፍ ያለ ዝና አገኘ። የዘመኑ መጋጠም ይደንቃል፤ ምክንያቱም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነውና፣ ጃንሆይ መረብን ተሻግረው ሕዝቡ በእልልታ በተቀበላቸው ወራት፣ ከዚህ በፊት ገዢ የነበረው አገር ልጆች ያለ ጠመንጃ፣ ፊልም ማንሻ ብቻ ይዘው፣ በባሕራችን ሥር ይመላለሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት 20 ዓመታት ምጽዋ ለደገኛው ለመጀመሪያ ጊዜ መተላለፊያ መሆኗ ቀርቶ መድረሻ የሆነችበት ዘመን ነው። ከአሥመራ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ 118 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ ጣልያኖች በ1911 እ.ኤ.አ. አሥመራ ያደረሱት ነው፤ ሊቶሪና በተባለችው ባለ ሞተር ፉርጎ ጧት በካፖርት የተሳፈረ ሰው፣ ጊንዳን ሲያልፍ ካፖርቱን፣ ሰሓጢትን ሲያልፍ ኮቱን እያወለቀ፣ ምጽዋ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ከዚያ ወደ ጉርጉሱም አሸዋ መሄድ፣ ወይም በጀልባ ተሻግሮ በሼክ ሰዒድ ደሴት ቀኑን መዋል፣ ማታ በጥዋለት ሆቴል ሰገነት ላይ ነፋስ መቀበልና ዓሣ መብላት ነበር። አዲስ አበቤው በቅዱስ ዮሐንስ ወይም በፋሲካ ሳይሆን፣ የሙቀቱ ወራት ካለፈ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ መሄድ እንደሚሻል ተማረ።

የባሕር ኃይላችንም በእነዚሁ ዓመታት ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኰንኖች ረዱ፤ ልዑል እስክንድር ደስታ በአመራሩ ከፍ ያለ ሥፍራ ያዙ፤ የባሕር ኃይል ኮሌጅም በምጽዋ ተከፈተ። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ እየተገኙ ዕጩ መኰንኖችን ሲመርቁ፣ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ጐን ለጐን ሲቆሙ ይታይ ነበር፤ በዚያ ዘመን እነዚህ ባንዲራዎች በሰላም የሚገናኙበት ወደብ ብዙ አልነበረም። የዓመታቱን ብዛት ትቼ አንዲቱን ዓመት ብቻ ላንሣ፤ 1954 ዓ.ም.ን። በዚያች ዓመት ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ለባሕር ኃይሉ ገባች፤ በዚያች ዓመት የእስራኤል ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች መካከል በምትገኘው በእንተደቢር ደሴት ሰፍረው፣ እየጠለቁ፣ ዓሣና የባሕር እንስሳ እየለቀሙ መረመሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ዳግመኛ ተመልሰው ምርመራውን ቀጠሉ። ከባሕሩ እጅግ ርቀን ባለነው በኮልፌም በዚያችው ዓመት፣ ኔልሰን ማንዴላ የተባለ የደቡብ አፍሪቃ ሰው በፈጥኖ ደራሹ ፖሊስ ሠፈር የተኩስና የእግር ጉዞ ትምህርት ይማር ነበር። ይህ ከጠላቂዎቹ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ልክ ነው፤ ያነሣሁት መንግሥቱ በዚያች ዓመት አንድ እጁን ወደ ባሕሩ፣ ሌላውን ወደ አፍሪቃ ዘርግቶ የነበረ መሆኑን ለማሳየትና፣ የሰፈሬን ስም በታሪክ መካከል ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።

በዚህ የሽርሽር ዘመን ደሴተኛው ምን ሆነ? ዕንቍ ለቃሚነቱ ከሞላ ጐደል ቀርቶ ነበር፤ ባሕሩ ግን እጁን አላጠፈበትም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ትናንሾቹን ዓሦች አጥምዶ፣ አድርቆ ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ወደ ውጭ የመላኩ ንግድ ከፍ ስላለ፣ ብዙው ጠላቂና የጠላቂ ልጅ ወደ መረብ ዞረ። ቀሪው መርከበኛ ሆነ፤ ወደ ጅዳም የተሻገረ አለ። ጥቂቱ ደግሞ ሊቃውንቱንና ሽርሽረኞቹን በሳምቡክ እየጫነ፣ መርጃኑ የትኛው ሥፍራ እንደሚያምር፣ ሻርኩ የት እንደሚበዛ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚያመለክት መሪ ሆነ። የውኃውን ሥር ካርታ ከማንም በፊት በጭንቅላቱ የያዘው እርሱ ስለ ነበረ፣ ያለ እርሱ ማንም ባለ ሲሊንደር የትም ባልደረሰ ነበር። ሆኖም በፊልሙ መጨረሻ በሚጻፈው የስም ዝርዝርና በሊቃውንቱ መጽሐፍ መቅድም ላይ ምስጋናው ለገዢዎች፣ ለመኰንኖችና ለባለ ገንዘቦች ሲቀርብ፣ የናኩዳው ነገር ብዙውን ጊዜ «የአገሬው ሰዎች» በሚል ቃል ይጠቃለላል፤ ያ ጽርዓዊ ነጋዴ በመጀመሪያው ምዕት ዓመት «ዓሣ በሎች» እንዳለው ማለት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያለው በፍጥነት ይነገራል፤ በኤርትራ የተነሣው ጦርነት መንገዱን ዘጋው፤ የሽርሽረኛው ባቡር ቆመ፤ ልዑል እስክንድር ደስታም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት መካከል አንዱ ሆኑ። ዳህላክ ለሶቪየት ባሕር ኃይል ማረፊያ ሆነች፤ ያቺው ጣልያን እስር ቤት የሠራባት ኖኵራ የመርከብ መጠገኛ ተተከለባትና፣ ለሽርሽር መሄድ ቀርቶ በአጠገቧ ማለፍ የሚከለከል ሆነ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ፣ በዚያ ውጊያና ከዚያ በተከተለው የአውሮፕላን ድብደባ ከመርጃን ድንጋይ የተሠሩት ጥንታውያን ቤቶች፣ በጥዋለት ያለው የጃንሆይ ቤተ መንግሥትም ጉልላቱ ሳይቀር ፈራረሱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት የባሕር ኃይል መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆነች።

ዛሬ ወደ ዳህላክ የሚሄድ ጠላቂ፣ ኢትዮጵያዊም ቢሆን ሌላ፣ ከኤርትራ መንግሥት የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ ከምጽዋ በጀልባ መሻገር አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገውም «ናዛሪዮ ሳውሮ»ን ማየት ነው፤ መርከቧ 80 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ወዲህ በሥፍራዋ ናት፤ በብረቷም ላይ መርጃን በቅሎባታል። ደሴተኞቹ ፍየልና ግመል ያረባሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ያጠመዱትንም ሲሆንላቸው ወደ የመን ይሸጣሉ፤ የጥንቱንም ጕድጓድ፣ ዝናብ በጣለ ጊዜ፣ አንዳንዱን እየጠረጉ ይጠቀሙበታል።